በገጽ አርባ አንድ ላይ ያለችው ተጠቃሚ

ታኅሣሥ 4 ቀን
ቡሬ

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም እንዴት ነው? የአባትሽ ዐይንስ ተሻለው? የእናትሽን ማረፍ የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ለቅሶ ሳልደርስ መቅረቴን ከሌላው ጥፋቴ ጋር ደምሪው። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። ቡሬ ሥራ ይዣለሁ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

እትዬ ብዬ ስጀምር እጄ ቆሞ ነበር። እንዲህ የምልሽ የወንድሜ ሚስት ስለነበርሽ ነው። አሁን ሚስቱ አይደለሽም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ አፋትቷችኋል፣ ወረቀቱም ተፈርሟል። በስምሽ እንዳልጠራሽ ደግሞ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አንድም ቀን በስምሽ ጠርቼሽ አላውቅም። ሌላ መጠሪያ ስላጣሁልሽ በድሮው ቀጥያለሁ። ካልወደድሽው ስታነብቢ ዝለዪው።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬያለሁ። ቁጥርሽ አይሠራም፤ ቢሠራም ኖሮ ድምፄን ስትሰሚ የምትዘጊው ይመስለኛል። ስለዚህ በትልልቁ ጻፍኩት፣ ማንም ሳያነብብልሽ ብቻሽን እንድታነብቢው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ፊደል የቆጠርነው አብረን ነው። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ከትምህርት ቤት በሰረቅሁት ጠመኔ በጓዳው በር ሳንቃ ላይ እጽፍልሽ ነበር። «የኔታ፣ አለንጋ የለህም እንጂ ማስተማሩንስ ታውቅበታለህ» ትይኝ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ መጽሐፌን አንቺ ታነብቢልኝ ጀመር፤ እኔ እየሰማሁ እተኛ ነበር።

ምን እንደምማር ለቤቱ ሰው ሁሉ አስረድቼ የገባሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ለእናቴ ኢንጂነር ማለት መንገድ የሚሠራ ነው፤ ለወንድሜ ለእንዳለው ደግሞ ሕንጻ የሚያቆም። አንቺ ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ለፋሲካ ስመጣ ሽንኩርት እየከተፍሽ በደንብ አድርገሽ ጠየቅሽኝ። ሕይወት ላላቸው ነገሮች የሚሠራ ምህንድስና ነው፣ ለአዝመራ፣ ለከብት፣ ለአፈር፣ ለእህል፣ አልኩሽ። «ሕይወት ላለውማ ፈጣሪ ሠርቶ ጨርሶ የለ፤ ለእናንተ ምን ተረፋችሁ?» አልሽኝ። ማስቀመጫው ተረፈን ብዬ መለስኩልሽ። ሳቅሽ፤ «እሱስ እውነትህን ነው፣ ማስቀመጫ አላበጀልንም» አልሽ።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ግን ክፍላችን የተናቀ ነበር። ነጥብ የመጣላቸው ሲቪልና ሶፍትዌር ገቡ፤ የቀረነው እዚህ ተመደብን። ደረሰ የሚባል ሲቪል የሚማር የዶርሜ ልጅ «የሞፈር ኢንጂነር» የሚል ስም አወጣልኝ። ስንቅ ሲመጣልኝ «ሞፈሩ፣ ያቺን በሶ ወዲህ በላት» እያለ ያንቺን በሶ እኩል ይበላ ነበር። እልህ ገባኝ። ከክፍሌ አንደኛ እየወጣሁ ነው የተማርኩት፤ ይህን ታውቂያለሽ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ የምታወሪው አንቺ ነበርሽ።

ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች በአንዱ መምህራችን እፍኝ ስንዴ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱ። «ብረት ስትለኩት ዝም ይላችኋል። ይኼ ግን ይተነፍሳል። የሚተነፍስ ነገር ስትለኩ ሁለት ጊዜ ለኩ» አሉን። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ፈተና ላይም መጣ፤ በትክክል መለስኩት።

አምስተኛ ዓመት ላይ ለመመረቂያ የሚሆን ሥራ ምረጡ ሲሉን ሩቅ አልሄድኩም። በየዓመቱ ነቀዝ በቆሎውን ፈልፍሎ ዱቄቱን ሲተውልሽ እያየሁ አድጌያለሁ። እናቴ ከገበያ ገዝታ እህሉ ውስጥ የምትጥለውን የነቀዝ ክኒን ምን ያህል ትፈሪው እንደነበርም አውቃለሁ፤ ስታጥቢው ስታጥቢው ትውዪ ነበር። እኔ ያሰብኩት አየር የማያስገባ የቆርቆሮ ጎተራ ነው። ክዳኑ ከታሸገ ውስጥ ያለው አየር ያልቃል፤ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ ክኒን የሚባል አያስፈልግም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። በሌላ ቦታ ሠርቷል። በእኔ ቤት ብቻ ነው ያልሠራው።

ፍኖተ ሰላም ከአንድ ብየዳ ቤት አሠርቼ በአይሱዙ ማንኩሳ ድረስ አመጣነው፤ ከዚያ አራት ሰው ተሸክሞ ጓዳ አስገባው። ጎረቤቱ ሊያይ መጥቶ «ቤንዚን ልትነግዱ ነው?» እያለ ሲስቅ፣ «የእኛ ልጅ የሠራው ነው» እያልሽ በነጠላሽ ጫፍ ስትወለውዪው ነበር።

ዓምና በታኅሣሥ ያን ዕለት የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ደጅ ከተሰጣው በቆሎ አንድ ፍሬ አንስተሽ ነከስሽው። «አልደረቀም። ጥርስ ሥር ይተኛል እንጂ አይሰበርም፤ ሦስት ፀሐይ ይቀረዋል» አልሽ። እኔ ከዩኒቨርሲቲው የተዋስኩትን የእርጥበት መለኪያ አወጣሁ። እፍኝ በቆሎ ጨምሬበት ስጫነው አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት አለ። ከአሥራ ሦስት ካላለፈ ማሸግ ይቻላል። ጥርስ ቁጥር አይሰጥም እትዬ፣ አልኩሽ። «ቁጥር ባይሰጥም ባትሪ አይጨርስም» አልሽኝ። እንዳለው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። «ልጁ አምስት ዓመት የለፋው ላንቺ ጥርስ ነው?» አለች። ከዚያ ጆንያውን ይዘሽልን አሥራ ሁለቱን ኩንታል ገለበጥን። የክዳኑን ዙሪያ በጎማ ላስቲክ አጥብቄ፣ ላዩን ከእንዳለው ቀፎ በወጣ ቢጫ ሰም አሸግሁት። እስከ መጋቢት ማንም እንዳይነካው አልኩ። «በተለይ ሴቶች» ብዬ መጨመሬንም አልረሳሁም።

ከዚህ በታች ያለውን አንቺ አታውቂውም ብዬ ልጽፍ ነበር። እንደምታውቂው ግን ቆይቶ ገብቶኛል። ሁሉንም ላይሆን ይችላል፤ ዋናውን ግን ታውቂዋለሽ።

ጥር ላይ ለዕረፍት መጣሁ። በሃያ አንድ፣ ለአስተርዮ ማርያም፣ ሁላችሁም ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ እኔ የምጽፈው አለኝ ብዬ ቀረሁ። ጓዳ ገብቼ እጄን ቆርቆሮው ላይ ባሳርፍ ሞቋል። ጓዳው ቀዝቃዛ ነው፤ እሱ ግን እንደ ታመመ ሰው ገላ ይሞቃል። ሰሙን በቢላ ፈቅፍቄ ክዳኑን ከፈትኩት። ሽታው የጥንስስ ሽታ ነበር። የሙቀት መለኪያዬን ከሰማያዊ ቆቧ አውጥቼ እህሉ ውስጥ ሰካኋት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ።

ቦርሳዬን ፈትቼ ያን የእርጥበት መለኪያ አየሁት። ለእያንዳንዱ እህል የየራሱ ቁጥር አለው፤ ከመለካትሽ በፊት ቁጥሩን መምረጥ አለብሽ። በትንሿ መስኮት ላይ ያለው የስንዴ ቁጥር ነበር። ከእኔ በፊት የተዋሰው ተማሪ ስንዴ ሲለካበት ከርሟል፤ እኔ ወደ በቆሎ ሳልለውጠው ለካሁ። በታኅሣሥ ለናሙና በላስቲክ ቋጥሬ ያስቀመጥኳትን እፍኝ በትክክለኛው ቁጥር መልሼ ለካኋት። አሥራ ስድስት።

ሦስት ፀሐይ ይቀረዋል ብለሽ ነበር።

ያን ቀን ብናገር ኖሮ ጥር ነው፤ ፀሐዩ አለ፣ ደጁ አለ። አውጥተን ብናሰጣው ግማሹ ለሰው፣ የቀረው ለከብት ይሆን ነበር። አልተናገርኩም። በመጋቢት ለአማካሪዬ ውጤት ላቀርብ ነው፤ ውጤቱ «መለካት አልቻልኩም» ሊሆን ነው፤ ደረሰ የሚለኝ ነገር ሳይቀር በጆሮዬ መጣብኝ። አየሩ ሲያልቅ ሙቀቱ ይበርዳል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ክዳኑን ስከፍተው አዲስ አየር እንዳስገባሁበት ግን አውቅ ነበር፤ ይህንንም ተምሬዋለሁ። ከበሮው ወደ መንደር ሲቃረብ ሰማሁ። ቢጫ ሰም ብፈልግ የለም። ከሙዳይሽ አንድ ነጭ ሻማ አወጣሁ፤ ለስለት የገዛሽውን መሆኑን፣ ስለቱም ስለ ምን እንደሆነ እያወቅሁ። አቅልጬ ዘጋሁት። የሙቀት መለኪያዋ ቆብ ከእጄ ወድቃ ነበር፤ ተንበርክኬ ፈለግኋት፣ አጣኋት። እናንተ ስትገቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። «በላህ?» አልሽኝ። በላሁ አልኩሽ፤ እሱንም አልበላሁም ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ እንዳለው ሽታው አላስችል ብሎት ሲከፍተው እህሉ ጠቁሯል፣ አረንጓዴ ለብሷል፣ ተጋግሯል። እኔ ግቢ ነበርኩ፤ የነገረችኝ እናቴ ናት። በቢጫው ሰም መካከል ነጭ ቀለበት አገኙ። «በዚህ ቤት ነጭ ሻማ ያለው ማን ነው?» ብላ ሙዳይሽን ገለበጠችው። አሥራ ሁለት የገዛሽው አሥራ አንድ ሆኖ ተገኘ። እኔ አልከፈትኩም አልሽ። «ታዲያ ሻማው በእግሩ ሄደ?» አለችሽ። ለሚካኤል ዝክር እህል ጎድሎሽ በድብቅ ቀድተሻል ተባለ። ያ ቤት ለዝክር ጎድሎበት እንደማያውቅ፣ ጎድሎም ቢሆን ጎረቤት እንደምትበደሪ እንጂ ነገር እንደማትደብቂ ሁሉም ያውቃል። ማወቁ ግን ለማንም አልጠቀመም።

ራሴን ከጥፋት ላወጣ ስፈልግ የምለው አንድ ነገር አለ። እናቴ ከዚያ በፊትም ልትሸኝሽ ትፈልግ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳይወለድ ስትል ነው የኖረችው፤ እህሉ ባይበላሽ ኖሮ ሌላ ሰበብ አታጣም ነበር። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሰበቡን በእጇ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ልጅ አልወለደችም ሲሉም እዚያው ተቀምጬ እሰማ ነበር። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ ስማር በየቅዳሜው ድርቆሽና ሽሮ ተሸክመሽ የምትመጪው ለማን ነበር? የቤት አከራዬ «እናትህ መጣች» ስትለኝ አንድም ቀን አላረምኳትም።

በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከወይራው ሥር ሲቀመጡ ከግቢ አስጠሩኝ። አባትሽ በሰው ተደግፈው መጥተው ነበር። የሽማግሌዎቹ ዳኛ አያ ንብረት መሐል ተቀምጠዋል። እንዳለው መሬት መሬት ያያል። አያ ንብረት ሌላውን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ እኛ ይኼን የቆርቆሮ ነገር አናውቀውም። አንተ ተምረኸዋል። ማርያምን በሚያህል ምስክር ፊት ነህና ቁርጡን ንገረን፤ ይኼ ነገር ሳይከፈት ውስጡ ያለው እህል ይበላሻል ወይስ አይበላሽም?» አሉኝ።

ወደ አንቺ ተመለከትኩ። አንቺ ታይኝ ነበር።

«በትክክል የደረቀ እህል ከሆነ፣ አየር ካልገባበት አይበላሽም» አልኩ።

ቃል በቃል ያልኩት ይህን ነው። በማንኛውም ፈተና ላይ ብጽፈው ሙሉ ነጥብ ያሰጠኛል። «በትክክል የደረቀ» የሚለውን ማንም አልሰማውም፤ እንደማይሰሙት ስለማውቅ ነው ያስገባሁት። አያ ንብረት «እንግዲህ የተማረው ቃል ይኼው» ብለው ወደ አንቺ ዞሩ፤ የምትዪው ካለ ተናገሪ አሉሽ። «እሱ ካለው በላይ የምለው የለኝም» አልሽ። አባትሽ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቁሽ፤ በአጭሩ መለስሽላቸው። አዊኛ አልችልም። ምን እንደጠየቁሽ ግን መገመት አያቅተኝም።

ጥፋተኛ ተብለሽ ወጣሽ። ከትዳሩ ሀብት ለጥፋተኛ የሚደርሰው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ።

እኔ ደግሞ ተመልሼ መመረቂያዬን ጻፍኩ። በገጽ አርባ አንድ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ተጠቃሚዋ ከተወሰነው ጊዜ አስቀድማ ክዳኑን በመክፈቷ ሙከራው ተስተጓጉሏል፤ ችግሩ የዲዛይኑ ሳይሆን የአጠቃቀም ነው።» ተጠቃሚዋ አንቺ ነሽ፣ እትዬ። ስትወለውዪው የነበርሽውን፣ ጆንያውን የያዝሽልኝን፣ ሦስት ፀሐይ ያልሽውን ሁሉ በዚያ ቃል ውስጥ ከተትኩት። ከፈታኞቹ አንዷ «ተጠቃሚዋን አነጋግረሃታል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ምን ምክንያት ሰጠች አሉኝ። ምክንያት አልሰጠችም አልኩ። ይህም ቃል በቃል ሲታይ እውነት ነው። ኤ ሰጡኝ።

በዚያው ኤ ቡሬ ሥራ አገኘሁ። አንድ ፕሮጀክት የእህል ማስቀመጫ ለገበሬው ያዳርሳል፤ እኔ ከየቀበሌው የሚመጡ ሴቶችን አሠለጥናለሁ። አለባበሴን ብታዪው ትስቂብኝ ነበር፤ ባጅ አንገቴ ላይ አለ። ሥልጠናውን የምጀምረው በምሳሌ ነው። «አንዲት ሴት ነበረች፤ ክዳኑን ያለ ጊዜው ከፈተችው፤ አሥራ ሁለት ኩንታል እህል ጠፋ» እላለሁ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ስምንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። በደንብ ነበር የምናገረው።

በስምንተኛው ጊዜ፣ በኅዳር አጋማሽ፣ ከኋላ የተቀመጠች ሴት እጇን አወጣች። ይህን ደብዳቤ የሰጠችሽ አልጣሽ ናት። «መምህር፣ ይችን ሴት ሳላውቃት አልቀርም» አለች። ብዙ ሴት ናት እንዲህ የምታደርገው አልኳት። «አይ፣ አሥራ ሁለት ኩንታል ያልከው ነው። ወደ እኛ መንደር ነው የተመለሰችው፤ አጥር ለአጥር ነን። እኔ አልከፈትኩም ነው የምትለው። ታዲያ ማን ከፈተው ስንላት ግን ወሬ ትቀይራለች» አለች። ማስታወሻዬን ማገላበጥ ጀመርኩ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «ለመሆኑ አንተ በቆሎ ነክሰህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ያን ቀን አልተመለስኩም።

በማግሥቱ ወደ ሀገር ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ሻማውንም፣ መለኪያውንም፣ ሁሉንም። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። በሩን ዘጋችና «ለማን ተናገርክ?» አለችኝ። «ላንቺ ብቻ» አልኳት። «እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ወንድምህ በጥር አሥራ ሰባት ሊያገባ ነው፤ ሽማግሌ ገብቶ ቃል ተቀብሏል፤ የሰው ልጅ ታጭታለች። አንተም እንጀራህን ይዘሃል። የሞተ እህል ቆፍረህ ማንን ልታበላ ነው?» አለች። በነጋታው ስንቅ ቋጥራ ሸኘችኝ። አልበላሁትም።

እንዳለው አያውቅም። ልነግረው ሁለት ጊዜ ከቡሬ ተነስቼ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማንኩሳ ላይ ወርጄ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ በሚቀጥለው ሚኒባስ ተመልሻለሁ። በገና ማግሥት አያ ንብረት ፊት እቀርባለሁ ብዬ ወስኛለሁ። ግን ይህን ውሳኔ በራሴ ላይ እንደማላምነው ልነግርሽ ይገባኛል። ስለዚህ ነገሩ በእኔ ድፍረት ላይ እንዳይንጠለጠል የሚያስፈልገውን ሁሉ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ገጽ አርባ አንድን ከመመረቂያዬ ገንጥዬዋለሁ። ያን ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰርዤ ከሥሩ «ክዳኑን በጥር 21 የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እህሉ የተበላሸው እርጥብ ሳለ ስላሸግሁት ነው፤ እርጥብ መሆኑን አስቀድማ ነግራኝ ነበር» ብዬ ጽፌ፣ ሙሉ ስሜንና ፊርማዬን አኑሬበታለሁ። ለአያ ንብረት ወይም ለማንም ለወደድሽው ሰው አሳዪው። ከጥር አሥራ ሰባት በፊት ቢሆን ሽማግሌዎቹ ነገሩን መልሰው ማየት አይችሉም ማለት አይቻልም። ወደዚያ ቤት መመለስ ትፈልጊ እንደሆነ አላውቅም፤ አልፈልግም ብትዪ ማንም አይፈርድብሽም። ስምሽ ግን የአንቺ ነው። ለዩኒቨርሲቲውም አንድ ቅጂ አዘጋጅቻለሁ፤ ፖስታው እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ይህንንም ከምደብቅሽ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።

ከወረቀቱ ጋር በጨርቅ የተቋጠረች ነገር ታገኛለሽ። እዚህ ላይ ነው መጻፍ የከበደኝ።

ከሽማግሌዎቹ በማግሥቱ፣ ሰኞ፣ ማንኩሳ መንገድ ዳር አብረን ቆመን ነበር። አንቺ ወደ ቡሬ፣ እኔ በተቃራኒው። ሣጥንሽ አጠገብሽ ነበር። የእኔ መኪና ቀድሞ መጣ። እንደ ወትሮው ስንቅ አቀበልሽኝ፤ ከዚያ ቤት በወጣሽበት ጠዋት እንኳ ቆሎ ቆልተሽልኝ ነበር። «ስትደርስ ፍታው፤ ለዚያ ለበላተኛው ጓደኛህም አካፍለው» አልሽኝ። ግቢ ደርሼ ስፈታው ከቆሎው መሐል፣ በጨርቅ ቁራጭ ለብቻዋ ተቋጥራ፣ ሰማያዊዋ የፕላስቲክ ቆብ ነበረች። ከጎተራው ሥር ስትጠርጊ ያገኘሻት መሆን አለበት። መቼ እንዳገኘሻት አስቤያለሁ። ጨርቋ ላይ የነበረው አቧራ የቆየ ነበር። ከወይራው ሥር ስትቀመጪ ቀሚስሽ ውስጥ ይዘሻት እንደነበር ለማወቅ ምህንድስና አያስፈልገኝም።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ከእስክሪብቶዎቼ ጋር አኑሬያታለሁ። አሁን በመጣችበት ጨርቅ ቋጥሬ መልሼልሻለሁ። ከገጽ አርባ አንድ ጋር አያ ንብረት ፊት አኑሪያት። የሙቀት መለኪያዋ እኔ ዘንድ ናት፤ ልክክ ብላ ትገጥማለች፤ ሲጠሩኝ ይዣት እመጣለሁ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በዚህኛው ጊዜ ቆቧን ለእኔ አትመልሺልኝ።

የአባትሽን ዐይን ፈጣሪ ያብራልሽ። ያንቺንም ወገብ ከክረምቱ፣ ጥርስሽንም ከዘመን ይጠብቅልሽ። ደጅሽ ላይ የሚሰጣው እህል ሁሉ በፀሐዩ ይግባ። ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍም፤ ፊት ለፊትሽ ቆሜ እስክለው ድረስ ለወረቀት አልሰጠውም።

በስንቅሽ የተማረው፣
የእንዳለው ታናሽ ወንድም